በእርዳታ የተሰጡት ሄሊኮፕተሮች በኮሎምቢያ ምን ሠሩ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በዓለም አቀፍ ግንኙነት የማስተርስ ጥናቴን እያዘጋጀሁ ነው፤ ርዕሴም አሜሪካ ለኮሎምቢያ ፖሊስና ጦር ሠራዊት በጸረ-አደንዛዥ ዕፅ ዘመቻ ስም የሰጠችው የአቪዬሽን እርዳታ ነው። እኔ ከበረራም ከሕግም ሙያ ውጭ ስለሆንኩ፣ በሁለቱም በኩል የምታውቁ ሰዎች እንድታግዙኝ እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፕላን ኮሎምቢያ» የተባለው ዕቅድ በፕሬዚዳንት አንድሬስ ፓስትራና መንግሥት በ1999 ተወጥኖ፣ በ2000 ክረምት ላይ የአሜሪካ ኮንግረስ ለኮሎምቢያና ለአካባቢው አገሮች 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አጸደቀ። በዚያ በጀት ውስጥ 18 ብላክ ሆክ እና 42 «ሂዩይ ሁለት» ሄሊኮፕተሮች ይገኙ ነበር፤ አብዛኞቹ ለጦሩ፣ ጥቂቶቹ ለብሔራዊ ፖሊስ የተመደቡ ናቸው። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2008 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2000 ጀምሮ ለኮሎምቢያ ከተሰጠው ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ እርዳታ ውስጥ 4.9 ቢሊዮን የሚጠጋው ለጦሩና ለፖሊሱ የዋለ ነው። ያው ሪፖርት ከ2000 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኦፒየም አበባ እርሻና የሄሮይን ምርት በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ፣ ኮኬይን የሚሠራበት የኮካ ተክል እርሻ ግን በ15 በመቶ ገደማ እንደጨመረ ይገልጻል።

ግራ የተጋባሁት እዚህ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮ በበኩሉ፣ በዚያው ጊዜ የኮካ እርሻ ከ163,000 ሄክታር ወደ 78,000 ሄክታር ወረደ ይላል። አንዱ ጨመረ፣ ሌላው ከግማሽ በላይ ቀነሰ የሚሉትን ቁጥሮች ይዤ እንዴት እንደምጽፍ አላውቅም። ይህን ያህል ሄሊኮፕተር ተሰጥቶ በውጤቱ እንኳ መስማማት ካልተቻለ፣ እርዳታው ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለማለት ምኑን ብመለከት ይሻላል?

የመጀመሪያ መልስ፣ ከሄሊኮፕተር ጥገና ባለሙያ

ውድ እህቴ፣ ስለ ቁጥሮቹ ሌሎች ይመልሱልዎታል። እኔ በማውቀው በኩል ልምጣ። የዕድሜዬን ግማሽ ያሳለፍኩት በሄሊኮፕተር ጥገና ሥራ ላይ ነው፤ የአቪዬሽን እርዳታ ሲነሣም መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ተሰጠ ብዬ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጠዋት ላይ ስንቱ ይነሣል ብዬ ነው።

ከኮሎምቢያ በፊት ሜክሲኮን ይመልከቱ። አሜሪካ በ1996 እና በ1997 ከጦሯ የተረፉ 73 ሂዩይ የሚባሉ «ዩ ኤች 1 ኤች» ሄሊኮፕተሮችን ለሜክሲኮ ጦር በጸረ-አደንዛዥ ዕፅ ሥራ እንዲያገለግሉ ሰጠች። በ1998 ከበረራ ታገዱ፤ በ1999 ደግሞ ሜክሲኮ ሁሉንም መለሰች። ምክንያቱ ለሙያተኛ ሰው እንግዳ አይደለም። እነዚህ ሄሊኮፕተሮች በቬትናም ጦርነት ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ መለዋወጫቸው እንደልብ አይገኝም ነበር። ከዚህም በላይ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ካለፉ በኋላ አቅማቸው እየደከመ ይሄዳል፤ የኦፒየም አበባ የሚዘራው ግን ከዚያ ከፍ ባሉት የሴራ ማድሬ ተራሮች ላይ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ያንሳል፤ ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ አሥር ወታደር አሳፍሮ የሚነሣ ሄሊኮፕተር ተራራ ላይ አራትና አምስት ሰው ይዞ ለመነሣት ሊቸገር ይችላል። ለሜክሲኮ የተሰጠው ስጦታ ከሥራው ቦታ ጋር ያልተገናዘበ ነበር።

ለኮሎምቢያ የተሰጠው «ሂዩይ ሁለት» የዚሁ የድሮው ሂዩይ ዝርያ ቢሆንም፣ ሞተሩና ኃይል አስተላላፊው ክፍል በበለጠ ጠንካራ የተተካለት ነው። ይህ መልካም እርምጃ ነበር። ትልቁ ልዩነት ግን ማሽኑ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣው የጥገና ሥርዓት ነው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳይዎ። በሄሊኮፕተር ዋና ማርሽ ሳጥን ውስጥ፣ ዘይቱ በሚዞርበት ቦታ፣ ጫፉ ማግኔት የሆነ አውራ ጣት የምታህል ቡሽ ትገኛለች። ማርሹ ውስጡ መፈርፈር ከጀመረ የብረቱ ስባሪ ማግኔቱ ላይ ይሰበሰብና የኤሌክትሪክ መስመሩን ሲያገናኝ፣ አብራሪው ፊት ለፊት መብራት ይበራል። ያን ጊዜ አብራሪው ማረፍ አለበት። መካኒኩ ቡሽዋን ፈትቶ ስባሪውን በነጭ ጨርቅ ላይ ያፈሳል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብናኝ ከሆነ ጠርጎ በመመሪያው መሠረት ይመልሳታል፤ እንደ ጥፍር ቁራጭ የሰፋ ከሆነ ግን ማርሽ ሳጥኑ መውረድ አለበት። ይህን ውሳኔ የሚወስነው፣ መዝገቡ ላይ ስሙን ጽፎ የሚፈርመው ማነው? ማርሽ ሳጥኑ ቢወርድ ሌላ ከየት ይመጣል፣ በስንት ሳምንት፣ በማን ገንዘብ? እርዳታው የሚለካው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በኮሎምቢያ ለብዙ ዓመታት የሚፈርሙት በአብዛኛው የተቋራጭ ሠራተኞች ነበሩ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአየር ክንፍ ማዕከሉን ፍሎሪዳ ውስጥ በሚገኘው ፓትሪክ የአየር ኃይል ሰፈር አድርጎ፣ ዳይንኮርፕ በተባለ ኩባንያ አማካይነት ኮካን ለማጥፋት ኬሚካል የሚረጩትን መርጫ አውሮፕላኖችና አጃቢ ሄሊኮፕተሮቹን ያንቀሳቅስ ነበር። መርጫዎቹ ዝቅ ብለው ስለሚበሩ ከመሬት ይተኮስባቸው ነበር፤ አጃቢ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ኮንግረሱ የአሜሪካ ወታደሮችና ተቋራጮች ቁጥር ላይ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር፤ ያም ጣሪያ በ2004 ለወታደሮች ወደ 800፣ ለተቋራጮች ወደ 600 ከፍ ተደረገ። ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ኮሎምቢያውያን መዛወር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዓመታትም ፈጀ። ዛሬ ኮሎምቢያ የራሷን አብራሪዎች ከማሠልጠን አልፋ የሜክሲኮን የሄሊኮፕተር አብራሪዎች አሠልጥናለች። በእኔ ዓይን ከእርዳታው የተገኘው ዘላቂ ፍሬ ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ርክክብ ረዥም ጊዜ መውሰዱ ሊያስደንቀን አይገባም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ ደብሊው ኤ ጋር ውል ተዋውሎ ሲቋቋም አብራሪውም መካኒኩም አስተዳዳሪውም የውጭ ሰው ነበር፤ ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾመው በ1971 ነው። አንድ ትውልድ ማለት ነው። ያም ጦርነት በሌለበት የሲቪል ሥራ ላይ።

ተቃራኒውን አፍጋኒስታን ላይ ያገኙታል። የአፍጋኒስታን መልሶ ግንባታ ልዩ ዋና ኢንስፔክተር በሰኔ 2013 ባወጣው ሪፖርት፣ ጸረ-አደንዛዥ ዕፅና ጸረ-ሽብር ሥራ ለሚሠራው ልዩ የበረራ ክንፍ 30 «ኤም አይ 17» ሄሊኮፕተሮችና 18 «ፒ ሲ 12» አውሮፕላኖች በ772 ሚሊዮን ዶላር ሊገዙ መሆኑን ገልጾ፣ ግዢው እንዲቆም አሳስቦ ነበር። ከክንፉ 47 አብራሪዎች በሌሊት መነጽር ተልእኮ ለመብረር ሙሉ ብቃት የነበራቸው 7 ብቻ ነበሩ። ከጥገናው ግማሹን፣ ወሳኝ ከሆነው ጥገናና አቅርቦት ደግሞ 70 በመቶውን የሚሠሩት ተቋራጮች ነበሩ። ማሳሰቢያው አልተሰማም። ነሐሴ 2021 ላይ መንግሥቱ ሲወድቅ ከአፍጋኒስታን አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ብዙዎቹ አብራሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ኡዝቤኪስታንና ወደ ታጂኪስታን ሸሹ።

ሁለተኛ መልስ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ ከሚኖሩ የሕግ ባለሙያ

የመካኒኩ ወንድማችን ማብራሪያ ብዙ አስተምሮኛል። ሆኖም «የሚፈርመው ማነው» የሚለው ጥያቄ ለጥገና መዝገቡ ብቻ ሊቀር አይገባም። ሄሊኮፕተሩ ተነሥቶ ጥፋት ሲደርስ ኃላፊነቱን የሚፈርመው ማነው? ጥናትዎ ይህን ካልያዘ ግማሽ ይሆናል።

በታኅሣሥ 13 ቀን 1998፣ በአራውካ ክፍለ ግዛት በምትገኘው ሳንቶ ዶሚንጎ በተባለች መንደር ላይ፣ የኮሎምቢያ አየር ኃይል ሄሊኮፕተር አሜሪካ ሠራሽ ክላስተር ቦምብ ጥሎ 6 ሕፃናትን ጨምሮ 17 ሲቪሎችን ገደለ። አየር ኃይሉ ለዓመታት ሰዎቹን የገደለው በመንግሥት ላይ ያመፁ ሽምቅ ተዋጊዎች የጫኑት የመኪና ቦምብ ነው ሲል ተከራከረ። የአሜሪካ ሕግ፣ በሴናተር ፓትሪክ ሌሂ ስም የሚታወቀው፣ ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ለፈጸመ የጸጥታ ክፍል እርዳታ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ እርዳታው ቦምቡን ለጣለው የአየር ኃይል ክፍል የተቋረጠው ግን በጥር 2003፣ ከአራት ዓመታት በኋላ ነው። የኢንተር አሜሪካ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደግሞ ኮሎምቢያን ተጠያቂ ያደረገው በ2012 ነው። አሥራ አራት ዓመት ማለት፣ በዚያ ቀን የተወለደ ልጅ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚደርስበት ዘመን ነው። ሕጉ የለም ማለት አይቻልም፤ አለ፣ በመጨረሻም ሠርቷል። የሚያሳዝነኝ ቤተሰቦቹ የጠበቁበት ዘመን ነው።

ሌላው ጉዳይ ፔሩ ነው። አሜሪካ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አደንዛዥ ዕፅ የሚያመላልሱ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ለማገድ ለፔሩና ለኮሎምቢያ የስለላ መረጃ ትሰጥ ነበር። በሚያዝያ 20 ቀን 2001፣ በሲ አይ ኤ የስለላ አውሮፕላን የተጠቆመ የፔሩ ተዋጊ ጄት፣ ወደ ፔሩዋ ኢኪቶስ ከተማ የሚበር አንድ ትንሽ የሲቪል አውሮፕላን መትቶ ጣለ። ውስጡ የነበሩት የአሜሪካ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ አንዲት እናትና ጨቅላ ልጇ ሞቱ። የሲቪሉ አብራሪ ከኢኪቶስ መቆጣጠሪያ ማማ ጋር ይነጋገር ነበር፤ ጄቱ የሰጠውን ማስጠንቀቂያ ግን አልሰማም። በስለላ አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት አሜሪካውያን ጥርጣሬያቸውን ቢናገሩም፣ ከፔሩው መኮንን ጋር በቋንቋ በሚገባ አይግባቡም ነበር። እስቲ አስቡት፤ የሰው ሕይወት በሚወሰንበት በዚያች ቅጽበት፣ በአንድ ጠባብ አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች «ቆይ» የሚለውን ቃል በትክክል መለዋወጥ አልቻሉም። ፕሮግራሙ ወዲያው ታገደ፤ በኮሎምቢያ የቀጠለው ደንቡ ተሻሽሎ በ2003 ነው። በ2008 ይፋ የሆነው የሲ አይ ኤ ዋና ኢንስፔክተር ግኝትም፣ አስቀድሞ በተመቱት አውሮፕላኖች ላይም የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ በአግባቡ እንዳልተከበረ ገልጿል።

በጥናትዎ ላይ ሊያልፉት የማይገባ ሦስተኛ ነጥብ አለ። በመጀመሪያ ሄሊኮፕተሮቹ ለጸረ-አደንዛዥ ዕፅ ሥራ ብቻ እንዲውሉ ተገድበው ነበር። በ2002 ክረምት ላይ ግን ኮንግረሱ ሕጉን ለውጦ ኮሎምቢያ በአደንዛዥ ዕፅ ንግድና በሽምቅ ተዋጊዎች ላይ በአንድነት እንድትዘምትባቸው ፈቀደ። ስለዚህ ከ2002 በኋላ ያለውን በረራ በኮካ ሄክታር ብቻ መለካት፣ ሄሊኮፕተሩ ያልተላከበትን ሥራ ለምን አልሠራህም ማለት ይሆናል።

ሦስተኛ መልስ

ስለ ቁጥሮቹ መልስ የሰጠ ስለሌለ እኔ ልሞክር። በኦዲት ሪፖርቱ የተጠቀሰው የአሜሪካ መንግሥት ግምት ሲሆን፣ ግምቱ የሚሠራው በሳተላይት ከሚቃኝ መሬት ላይ ነው፤ የሚቃኘው መሬት ስፋት ደግሞ በመካከሉ ጨምሯል። ሰፋ ያለ ቦታ ሲታይ ቀድሞ ያልታየ እርሻም ስለሚታይ፣ ጭማሪው ሁሉ አዲስ እርሻ ነው ማለት አይቻልም። የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ ዘዴ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ አያስቀምጡ፤ አንዱን መርጠው ከዓመት ዓመት ይከተሉት። የተባበሩት መንግሥታትን ቢከተሉ፣ በ2013 እስከ 48,000 ሄክታር ወርዶ፣ በ2017 ወደ 171,000፣ በ2023 ደግሞ ወደ 253,000 መውጣቱን ያያሉ።

ከሁለቱ መልስ ሰጪዎች ጋር የማልስማማበት ነገር ቢኖር፣ የሄሊኮፕተሮቹን ጥቅም አሳንሰው ማየታቸው ነው። ከኮሎምቢያ ደቡብና ምሥራቅ ብዙው አካባቢ መንገድ የለውም፤ ጉዞው በወንዝ ወይም በአየር ነው። መንግሥት በማይደርስበት ቦታ ዳኛም፣ ሐኪምም፣ መምህርም አይደርስም። በጥይት የቆሰለ ፖሊስ ከጫካ ወጥቶ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በሄሊኮፕተር ነው። ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድራ የነበረችውን ኢንግሪድ ቤታንኩርትን ጨምሮ በሽምቅ ተዋጊዎች የተያዙ 15 ታጋቾች በሐምሌ 2 ቀን 2008 ነፃ የወጡትም፣ የእርዳታ ድርጅት መስሎ በቀረበ ሄሊኮፕተር ነው። ያው የኦዲት ሪፖርት የአደንዛዥ ዕፅ ግቡ ሙሉ በሙሉ ባይሳካም ጸጥታው መሻሻሉን መስክሯል። ሰው ያለ ፍርሃት ከከተማ ወደ ከተማ መጓዝ መቻሉን እንደ ትንሽ ነገር ልናየው አይገባም።

የመረጨቱ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እርሱን አልከላከልም። በ2006 ከ170,000 ሄክታር በላይ ተረጨ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የቆመው ኮካ ግን 78,000 ሄክታር ነበር። ያው መሬት ደጋግሞ ይረጫል፣ ገበሬው መልሶ ይተክላል ወይም ወደ ሌላ ሸለቆ ይሄዳል ማለት ነው። የሚረጨው ግላይፎሴት የተባለ የአረም ማጥፊያ ነበር፤ በደቡብ ኮሎምቢያ በፑቱማዮ ያሉ ገበሬዎች ከኮካው ጎን የተከሉት ካሳቫና ሙዝ አብሮ መድረቁን ሲያመለክቱ ኖረዋል። ኢኳዶር ነፋስ ድንበር አሻግሮ አመጣብኝ ብላ በ2008 ኮሎምቢያን በሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ጉዳዩ በ2013 ከፍርድ ቤት ውጭ ሲያልቅ ኮሎምቢያ 15 ሚሊዮን ዶላር ከፍላለች። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ግላይፎሴት በሰው ላይ ካንሰር ሳያስከትል አይቀርም ብሎ በመጋቢት 2015 ከፈረጀው በኋላ፣ ኮሎምቢያ በግንቦት ወር የአየር ላይ ርጭቱ እንዲቆም ወሰነች።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ነገሮችን ማቀላቀሌ አሁን ገባኝ፤ ርጭቱ፣ ወታደር ማጓጓዙ እና የአየር ክልል ጥበቃው በሦስት የተለያዩ ምዕራፎች መቅረብ ነበረባቸው። አንድ ነገር ግን ለጥገና ባለሙያው ልጨምር። ርክክቡ ከተጠናቀቀ በኋላ ኮሎምቢያ ከጥገኝነት ወጥታለች ማለት ይቻላል? ወይስ የፈራሚው ስም ብቻ ነው የተለወጠው?

ከጥገና ባለሙያው

እህቴ፣ ሁለቱም እውነት ነው። ሙያው የራሳቸው ሆኗል፤ ዕቃው ግን የራሳቸው አይደለም። የብላክ ሆክ መለዋወጫ ከአሜሪካ ይመጣል፤ የአሜሪካ ፖለቲካ ሲለዋወጥ እርሱም ሊዘገይ ይችላል። ኮሎምቢያ ከሩሲያ የገዛቻቸው «ኤም አይ 17» ሄሊኮፕተሮችም ነበሯት፤ ከ2022ቱ የዩክሬን ጦርነት በኋላ በሩሲያ ላይ በተጣለው ማዕቀብ ምክንያት ጥገናቸው ተቸግሯል። እኛም ይህን በራሳችን ታሪክ አይተነዋል። አየር ኃይላችን በአሜሪካ እርዳታ የተገነባ ነበር፤ በ1977 ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ሲቋረጥ፣ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት በተነሣበት በዚያው ዓመት «ኤፍ 5» ተዋጊዎቻችንን በመለዋወጫ እጥረት ውስጥ ማብረር ግድ ሆነ። ያን ዘመን ያሳለፉ ታላላቆቻችን፣ ሁለቱን ለማስነሣት ከሦስተኛው እየፈታን እንሠራ ነበር ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ስለዚህ በጥናትዎ ውስጥ ሠንጠረዥ የሚያዘጋጁ ከሆነ፣ ከሄሊኮፕተሩ ዓይነትና ብዛት ቀጥሎ ሦስት ዓምዶች ይጨምሩ፦ መለዋወጫው የሚመጣበት አገር፣ የጥገና መዝገቡን የሚፈርመው ሰው ደመወዝ የሚከፈልበት በጀት፣ እና በዓመቱ ውስጥ ለበረራ ዝግጁ ሆነው የተገኙት ሄሊኮፕተሮች ድርሻ። የሕግ ባለሙያው ወንድማችን ከፈቀዱ አራተኛው የእርሳቸው ይሁን፦ ጥፋት ሲደርስ እርዳታው እስኪቋረጥ የፈጀው ጊዜ።